በር ማስከፈት የተማረችው ቡችላ

አንድ ጊዜ፣ ሰማዩ የተቀደደ እስኪመስል ዝናቡ ባየለበት ክረምት፣ አንድ አንበሳ ሰፊና ደረቅ ዋሻውን ለአራዊት ሁሉ ከፈተ። መግቢያው ላይ ቆሞም፣ «እዚህ ጣራ ሥር የገባ ሁሉ እንግዳዬ ነው፤ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ማንም ማንንም አይበላም» ሲል አወጀ። ፍየል ገባች፤ ጦጣ ገባች፤ ቀበሮ ገባች፤ አህያ ገባች። ጅብም ገባ። ነገር ግን ጅብ በገባበት ዕለት የፍየሏን ቋንጃ ሲልስ ተገኘ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለው አንበሳው።

«ምንም። ጨው እንዳላት እያየሁ ነው» አለ ጅቡ።

አንበሳው ማጅራቱን ይዞ ወደ ዝናቡ ወረወረው። ከዚያ ወዲያ የዋሻው መግቢያ በወፍራም የግንድ መዝጊያ ተዘጋ። ከመዝጊያው እስከ ክትክታው ቁጥቋጦ ድረስ ያለው ሜዳ የአንበሳው ግዛት ስለሆነ፣ እዚያ ድረስ ወጥቶ የሚመለስን እንግዳ ጅቡ አይነካም። ከዋሻው የተባረረ ግን ጠባቂ የለውም። ጅቡም ይህን ስለሚያውቅ ከደጅ ካለው ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ተጋድሞ የሚባረር ይጠብቅ ጀመር።

መዝጊያውን በግንባሯ እየገፋች የምትከፍተውና የምትዘጋው አህዪቷ ነበረች። በጉብዝናዋ ዘመን ለነጋዴዎች ጨው ስትጭን ኖራለች፤ እግሯ ማነከስ ሲጀምር ግን መንገድ ላይ ጥለዋት ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ድካም የቀራት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለችው የነሐስ ቃጭል ብቻ ናት። ለበረኛነቷም ከመዝጊያው አጠገብ ያለችው ደረቅ ጥግ ተሰጠቻት። ቀበሮ የደረሳት ግን ጣራው የሚያፈስበት፣ መሬቱም ቀይ ጭቃ የሆነበት ቦታ ነበር። ስለዚህ ያቺን ጥግ ባየች ቁጥር ቅናት ያንገበግባታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዶፉ እየወረደ ሳለ፣ አንዲት ጠይም ቡችላ በመዝጊያው ስንጥቅ አፍንጫዋን አስገባች። አህዪቷ ከፈተችላት። ቡችላዋ እየተንቀጠቀጠች ገባችና ፍየሏ ሥር ተኛች። አራዊቱም ከመልኳ ተነሥተው «ጠይሜ» ብለው ስም አወጡላት።

በማግሥቱ ጠዋት አንበሳው ሊጋደም ወደ ጉዝጓዙ ሄደ። ሣሩ ርሶ፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«ማን ነው ይህን ያደረገው?»

ቀበሮ ዓይኗን ሰበር አደረገች። «ጌታዬ፣ እኔ ሰው ማማት አልወድም። ግን ትናንት ጠዋት ይህ ሽታ አልነበረም። ትናንት ጠዋት ይህች ቡችላም አልነበረችም።»

ጠይሜ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ፣ ጆሮዋን አስተኝታ ዱላ እንደሚጠብቅ ሆነች። አንበሳው መዳፉን ወደ በሩ ዘረጋ። «ውጪልኝ!»

«ጌታዬ» አለች አህዪቷ ከጥጓ ተነሥታ፣ «ከመውጣቷ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃት።» ወደ ቡችላዋም ጎንበስ አለች። «ልጄ፣ ሽንትሽ ሲመጣ ለምን ወደ በሩ አልመጣሽም?»

«ፈርቼ ነው እትዬ» አለች ጠይሜ በቀጭን ድምፅ። «በፊት የነበርኩበት ቤት በር ላይ ቆሜ ስጮህ፣ ረበሽሽን ብለው በዱላ መቱኝ። ዝም ብዬ እዚያው ሳደርግም መቱኝ። ስለዚህ ተደብቄ ማድረግ ጀመርኩ። ሲያገኙት ደግሞ አባረሩኝ።»

ፍየሏ ማመንዠኳን አቆመች።

«ሰማችሁ?» አለች አህዪቷ። «ይህች ልጅ ባለጌ አይደለችም። ደጅ ልውጣ ብላ መጠየቅን ያስተማራት የለም። እኔ አስተምራታለሁ።»

ቀበሮ በሳቅ ተንፈራፈረች። «ደግሞ አህያ አስተማሪ ሆነች!»

አንበሳው ግን አልሳቀም። «ዋስ አላት?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ዋሷ ነኝ።»

«ባትማርስ?»

አህዪቷ ወደ መዝጊያው አየች። ከዚያ ወዲያ ማን እንደተጋደመ ታውቃለች። «ባትማር እኔም አብሬያት ልውጣ።»

አንበሳው ጥቂት አሰበ። «ዝናቡ ጋብ ሲል የማጫት ልጅ አባት ቤቴን ሊያዩ ከቆላ ይመጣሉ። በእሳቸው ፊት ጉዝጓዜ ከረጠበ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ። እስከዚያው አስተምሪያት።»

ከድንጋዩ ጀርባ ጅቡ ጆሮውን አቁሞ ነበር። «ሁለታችሁም» የምትለዋን ቃል እንደ ጮማ አላመጣት።

አህዪቷ ሥራዋን በዚያው ዕለት ጀመረች። ጦጣዋን ለመነቻትና ቃጭሏን ከአንገቷ አስፈትታ፣ በቡችላዋ አፍንጫ ቁመት ልክ መዝጊያው ላይ አሰቀለች። ያለ ቃጭል አንገቷ ቅልል ብሎ እንግዳ ነገር ሆነባት።

«ይህችን ስትነኪ በሩ ይከፈታል» አለቻት። «ንኪያት።»

ጠይሜ ነካቻት። ቃጭሏ ቅልጭልጭ ስትል ቡችላዋ ደንግጣ ፍየሏ ሆድ ሥር ተወሸቀች። ያን ቀን ምን ቢሏት አልወጣችም። አህዪቷ አልተቆጣችም። ደረቅ ሣር አኝካ አለሰለሰችና ቃጭሏ ውስጥ ጠቀጠቀች። አሁን ስትነካ ድምፅዋ «ጡብ» የሚል ብቻ ሆነ። ይህንንስ ጠይሜ አልፈራችም።

ከዚያ በኋላ ጠይሜ ከእንቅልፍ ስትነሣ፣ ምግብ በልታ ስትጨርስ፣ ተጫውታ ስትደክም አህዪቷ ወደ በሩ ትወስዳታለች። «ንኪ» ትላታለች። አፍንጫዋ ቃጭሏን እንደነካ መዝጊያው ያለ አንዳች መዘግየት ይከፈታል። ሁለቱም በቀጥታ ወደ ክትክታው ሥር ይሄዳሉ። አህዪቷ ዝናብ እየወረደባት ዝም ብላ ቆማ ትጠብቃለች። ቡችላዋ ስትጨርስ፣ ዋሻ እስኪገቡ ሳትቆይ፣ እዚያው ላይ፣ «ጎበዝ! የኔ ጎበዝ!» ትላትና ከአንበሳው ማዕድ የለመነችውን የቋንጣ ቁራጭ ትሰጣታለች። ሲመለሱ ደግሞ ከቃጭሏ ውስጥ ትንሽ ሣር ትነጫለች። «ጡብ» የነበረው ድምፅ እያደር «ቅጭ» ሆነ፤ በኋላም ጥርት ብሎ «ቅጭል!» አለ። ጠይሜ መፍራቷን ረስታው ነበር።

እርግጥ ሁሉም ነገር እንዲህ ቀና ሆኖ አልሄደም። አንድ ቀን ጠይሜ ውኃ ጠጥታ ጨዋታ ስትጀምር ፍየሏ መኝታ አጠገብ አመለጣት። ወዲያው ጆሮዋን አስተኝታ ወደ ጨለማው ጥግ ልትሸሽ ስትል አህዪቷ ከፊቷ ቆመች።

«አይዞሽ። ከጠጣሽ በኋላ ዓይኔን ካንቺ ላይ ማንሣት አልነበረብኝም» አለቻት። የረጠበውን ሣር አውጥታ ጣለች፣ ደረቅ አፈር አለበሰችበት፣ አዲስ ሣር ጎዘጎዘች።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ጠይሜ ቃጭሏ በር እንደምታስከፍት ከገባት በኋላ እንቁራሪት ለማሯሯጥም ትደውል ጀመር። ቅጭል! ይከፈታል፤ እንቁራሪት ታሯሩጣለች። ትገባለች። ቅጭል!

«ዋሻውን ደብር አደረገችው እኮ!» ብላ ቀበሮ ጮኸች። ፍየሏ ሳትቀር አጉረመረመች።

አህዪቷ መፍትሔ አላጣችም። ቡችላዋ ስትደውል በሩን ትከፍታለች፤ ግን ወደ ክትክታው ብቻ ይዛት ትሄዳለች። እዚያ ጨዋታ የለም፤ እንቁራሪት የለም። ጉዳይ ከሌላት ዝም ብለው ቆመው ዝም ብለው ይመለሳሉ። ጉዳይ ካላት ምስጋናና ቋንጣ አለ። ጠይሜ ትንሽ አኮረፈች፤ ከዚያም ነገሩ ገባት።

አንድ ቀን አህዪቷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ድርቆሽ እየበላች ነበር። ማንም «ንኪ» አላለም። ከኋላዋ «ቅጭል!» የሚል ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ጠይሜ በሩ ሥር ቀጥ ብላ ቆማ በትልልቅ ዓይኖቿ ታያታለች። አህዪቷ ድርቆሹ ከአፏ እንደተንጠለጠለ መዝጊያውን ከፈተች። ከክትክታው ሲመለሱ የአህዪቷ ሁለት ጆሮዎች ቀጥ ብለው ወደ ሰማይ ቆመው ነበር።

«ሰማሽ?» አለቻት ለፍየሏ። «ማንም ሳያዛት! ራሷ አስባ!»

«ሰማሁ» አለች ፍየሏ።

«እንዴት እንደነበር ልንገርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ እኮ።»

«ግድ የለም፣ ልንገርሽ» አለችና ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችላት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቀበሮ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ተቀምጣ ታስብ ነበር። ቡችላዋ ከተማረች አህዪቷ ትቀራለች። አህዪቷ ከቀረች ደረቋ ጥግ አትገኝም። አንድ ቀን አይጥ ላድን ብላ ወጣችና ድንጋዩን ዞራ ጅቡ ዘንድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ አህያ ትወዳለህ?»

«ከነጆሮዋ ነው ያለ ጆሮዋ?»

«ከነጆሮዋ። ቡችላ ምራቂ ተጨምሮበት።»

የጅቡ ለሃጭ ደረቱ ላይ ተዝረበረበ። «የት ናት? አሁን ልሂድ?»

«ቀስ በል! ሳትባረር ከነካሃት አንበሳው አንተኑ ነው የሚበላህ። የቆላው እንግዳ በሚመጡበት ቀን እዚሁ ጠብቅ። አንበሳው ይቆጣና ያገሳል። ካገሳ በኋላ በበሩ የሚወጣው ያንተ ነው። በል ድገምልኝ።»

«በበሩ የሚወጣው የኔ ነው።»

«ካገሳ በኋላ!»

«ካገሳ በኋላ የሚወጣው የኔ ነው» አለ ጅቡ። እንዳይረሳውም ቀኑን ሙሉ ሲያነበንበው ዋለ።

ዝናቡ ጋብ አለ። የቆላው ሽማግሌ አንበሳ ከዘመዶቻቸው ጋር ደረሱ። ጎፈራቸው ሸብቷል፤ አረማመዳቸው ያስፈራል። በዋሻው ውስጥ ለምለም ሣር ተጎዝጉዞ፣ ፍየሏ ወተት አቅርባ፣ ጦጣዋ ሽር ጉድ ትላለች። አህዪቷ ለእንግዶቹ ውኃ እንድታቀርብ ወደ ዋሻው ውስጠኛ ክፍል ተልካ ነበር። መሄድ አልወደደችም፤ ግን፣ «ቃጭሏ አለች፤ ከደወለች እሰማለሁ» ብላ ራሷን አጽናናች።

ቀበሮ የጠበቀችው ይህንን ነበር። ማንም ሳያያት የጣራው ፍሳሽ ያቦካውን ቀይ ጭቃ በመዳፏ ዛቀችና ቃጭሏ ውስጥ አጥብቃ ጠቀጠቀች። ከዚያም አንድ ቅል ወተት ይዛ ወደ ጠይሜ ሄደች።

«እንኳን ደስ አለሽ የኔ እመቤት! ምንኛ ጨዋ ሆንሽ! በይ ጠጪ፣ ዛሬ በዓል ነው።»

ጠይሜ ከቀበሮ ምስጋና ሰምታ አታውቅም ነበርና ደስ ብሏት ቅሉን አራገፈችው።

ብዙም ሳይቆይ ሆዷ ተወጠረ። ወደ በሩ ሮጠች፤ ቃጭሏን ነካች። ድምፅ የለም። እንደገና ነካች። አፍንጫዋ ላይ ቀዝቃዛ ጭቃ ብቻ ተለጠፈ። አህዪቷን ፈለገች፤ አህዪቷ ከእንግዶቹ ጀርባ ማዶ ናት። ከእግሯ ሥር ለምለሙ ሣር ተነጥፏል። በስተቀኝ ደግሞ ማንም የማያየው ጨለማ ጥግ አለ።

የድሮው ፍርሃት መጣባት። ወደ ጥጉ ሄዳ አንድ ጊዜ ዞረችበት። ነገር ግን አህዪቷ በዝናብ ተደብድባ ክትክታው ሥር ስትጠብቃት የነበረው በዓይኗ ላይ ሄደባት። ዋሷ እሷ ናት። ጠይሜ ጥጉን ትታ ወደ በሩ ተመለሰች፤ አፏንም ከፈተች። በዱላ ከተመታች ወዲህ ያልወጣው ድምፅ ዋሻውን ሞላው።

«ው! ው! ው!»

እንግዶቹ ሁሉ ዞሩ። የአንበሳው ጎፈር ቆመ።

«ጌታዬ!» አለች ቀበሮ እመር ብላ፣ «በአማችዎ ፊት ጮኸችብዎት! ይህ ስድብ ነው! ያባርሯት እንጂ!»

አህዪቷ ግን የሰማችው ስድብ አልነበረም። የውኃውን ቅል ጥላ፣ በእንግዶቹ መካከል እያነከሰች፣ «መንገድ ልቀቁ! እባካችሁ መንገድ!» እያለች ደረሰችና መዝጊያውን በግንባሯ ገፋችው። ጠይሜ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ተወርውራ ክትክታው ሥር ገባች።

ጅቡ ከድንጋዩ ጀርባ አህያ ከነጆሮዋ፣ ቡችላም ተጨምራ፣ ደጅ ቆመው አየ። አንጀቱ ጮኸ። «አላገሳም… ገና አላገሳም…» እያለ የራሱን መዳፍ ነክሶ ቁጭ አለ።

«የኔ ጎበዝ!» የሚለው የአህዪቷ ድምፅ እስከ ዋሻው ውስጥ ተሰማ። «የኔ ጀግና! ቋንጣ እንኳ አልያዝኩም፤ ምን ልስጥሽ?»

«ምንም አልፈልግም እትዬ» አለች ጠይሜ። ጅራቷ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

ሲገቡ አንበሳው እየጠበቃቸው ነው። «ቃጭሉ እያለ ለምን ጮህሽ?»

«ነካሁት ጌታዬ፤ አልደወለም። ጉዝጓዝዎን እንዳላበላሽ ብዬ ያለኝን ድምፅ አወጣሁ።»

ጦጣዋ ተንጠልጥላ ጣቷን ቃጭሏ ውስጥ ብታስገባ እርጥብ ቀይ ጭቃ ይዛ ወጣች። ዋሻው ውስጥ ቀይ ጭቃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሁሉም ወደ ቀበሮ ዞሩ። ቀበሮ መዳፎቿ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«መዳፍሽን አሳዪኝ» አለ አንበሳው።

«እኔ… ለእንግዳ ክብር ቃጭሉን ልወለውለው ብዬ…» አለች ቀበሮ። መዳፎቿ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቀልተዋል።

አንበሳው አገሳ። የዋሻው ጣራ ተንቀጠቀጠ። ቀበሮ ሁለተኛውን ግሳት አልጠበቀችም፤ በተከፈተው በር ተፈተለከች። ገና ከመውጣቷ ጅቡ ከድንጋዩ ጀርባ ዘሎ ጅራቷን አፈፍ አደረገ።

«እኔ ነኝ! አያ ጅቦ፣ እኔ ቀበሮ ነኝ!»

«ካገሳ በኋላ የሚወጣው የኔ ነው» አለ ጅቡ ጅራቷን እንደነከሰ። «ራስሽ አይደለሽ ያስጠናሽኝ? ግን ጆሮሽ አነሰብኝ።»

ቀበሮ ግማሽ ጅራቷን ጥርሱ ውስጥ ጥላ አመለጠች። ጅቡም ቀሪዋን ሊያስመልስ ተከተላት። ሁለቱም ከኮረብታው ማዶ ተሰወሩ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ያያቸው የለም።

ሽማግሌው አንበሳ ወደ ዋሻው ባለቤት ዞሩ። ከዚያም፣ «የመጣሁት የቤትህን ስፋት ለማየት ነበር» አሉ። «አሁን ከዚያ የበለጠ አይቻለሁ። ከሁሉ የምታንሰው ፍጡር ተቸግሬያለሁ ብላ ስትጮህ በር የሚከፈትላት ቤት ነው። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።» ቀጥለውም ጠየቁ፦ «ለመሆኑ ይህችን ቡችላ ያስተማራት ማን ነው?»

አንበሳው ደረቱን ነፋ። «የቤቴ በረኛ ናት» አለ። ዋሻው ሁሉ አህዪቷን አየ። እሷም ያን ዕለት፣ የሚያነክሰውን እግሯን ሳይቀር፣ በአራቱም እግሯ ቀጥ ብላ ቆመች።

ክረምቱ ወጣ። ሠርጉ ተሠረገ። አራዊቱ ወደየሰፈራቸው ሲበተኑ አህዪቷና ጠይሜ ግን በአንበሳው ልመና እዚያው ቀሩ። ጊዜው ሲደርስ እቴጌዋ አንበሳ ደቦሎች ወለደች። ደቦሎቹ እግር ሲያወጡ፣ አንድ ጠዋት አንበሳው ግራና ቀኝ አይቶ ወደ አህዪቷ ተጠጋ።

«እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እስከዚያ ቀን እትዬ ብሏት አያውቅም። «ልጆቼ ጉዝጓዙን…»

«ገባኝ ጌታዬ» አለች አህዪቷ። ከዚያም ዞራ ተጣራች፦ «ጠይሜ! ነይ ልጄ። አሁን አስተማሪዋ አንቺ ነሽ።»

ጠይሜ አድጋለች፤ አንገቷም ደንድኗል። የአንበሳውን ደቦሎች ከፊቷ አሰልፋ እስከ መዝጊያው ወሰደቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። አልቸኮለችም፤ አልጮኸችባቸውም። ከብዙ ጠዋቶች በኋላ የሁሉም ታናሽ የሆነችው ደቦል ብቻዋን ወደ በሩ መጣች፤ መዝጊያውን ቧጨር አድርጋ ቀና ብላ «እርርር» አለች።

አህዪቷ ልትነሣ ስትል አንበሳው ቀደማት። የአራዊት ንጉሥ ጎንበስ ብሎ መዝጊያውን በገዛ ግንባሩ ገፋና ለልጁ ከፈተላት።

ከዚህ የምንማረው፣ ችግሩን አውጥቶ መናገርን በትዕግሥት የተማረና ሲናገርም በር የተከፈተለት ትንሽ ፍጡር ራሱንም፣ አስተማሪውንም፣ ያሳደገውንም ቤት እንደሚያኮራ ነው።